አሸዋው ከየት መጣ?

ጠብታዋ ከጨርቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ተንጠልጥላ ቆየችና ጠብ አለች። አኬሎ ትምህርት ቤቱ ግቢ ካለው ማንጎ ሥር ተንበርክካ ዓይኗን ከብርጭቆው አልነቀለችም። ጠረጴዛው ላይ ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ ተዘቅዝቆ ቆሟል። አፉ በጨርቅ ታስሯል፤ ውስጡ ከሰል፣ ከዚያ አሸዋ፣ ከላይ ጠጠር አለ። ከላይ የፈሰሰው የመስከረም ባሮ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፤ ከታች የሚወርደው ግን ጥርት ያለ ነው። ወንዙ ሁሉ እንዲህ ቢጠራስ? ድልድዩ ላይ ቆማ፣ ዓሦቹ ከእግሯ በታች ሲያልፉ፣ ጥላቸውም የወንዙ ወለል ላይ ሲከተላቸው ታያት።

«አንቺ! ደግሞ ጭልጥ ብለሽ ሄድሽ?» ቤርሳቤ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ናቸው። አኬሎ ታልማለች፣ ቤርሳቤ ትቀሰቅሳታለች፤ ጓደኝነታቸው ይኸው ነው። «ቲቸር ሊመጡ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ገልብጪው።»

መምህር ነጂብ ከስምንተኛ ክፍል ሙከራዎች አንዱን ብቻ መርጠው ለክልሉ ውድድር ይልካሉ። አኬሎ ይህን ከልቧ ፈልጋዋለች፤ ሰሞኑን ምግብ ቀርቦላት እንኳ ሐሳቧ ከሰሉ ጋ ነበር።

ውሃውን ጠርሙስ ውስጥ ገለበጠች፣ ከደነችው፣ ደስ ስላላት ብቻ ነቀነቀችው። ጠርሙሱ እስከ አንገቱ ነጭ አረፋ ሞላ።

«ምንድን ነው ይሄ? ሳሙና?» አለች ቤርሳቤ። «አሸዋውን ከየት ነው ያመጣሽው?»

«ከባሮ ነዋ። ልብስ የምናጥብበት ጋ። እዚያ ያለው ነጭ ነው፣ ቆንጆ...»

አኬሎ ክው አለች። የሰፈሯ የኒውላንድ ሴት ሁሉ እዚያ ነው የሚያጥበው። እሷም ቅዳሜ ቅዳሜ የሳሙናውን ውሃ የምትደፋው እዚያው አሸዋ ላይ ነው።

ቤርሳቤ ዞር ዞር ብላ አየችና ከቦርሳዋ የሱቅ ውሃ አውጥታ ባዶው ብርጭቆ ውስጥ ቀዳች። «ይሄን እናሳያቸው። ማን ያውቃል? ስትለፊ ነው የከረምሽው፣ ይገባሻል እኮ!»

አኬሎ ብርጭቆውን አየችው። ጥርት ያለ ነው፤ ዓሦቹ ግን አልመጡም። ጠረጴዛው ሥር የደበቀችው ጠርሙስ ውስጥ አረፋው በፀሐይዋ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ይሆናል። እዚያ ውስጥ እናቷ ስታጥብ፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ ጄሪካን የያዙ ልጆች ውሃ ሲቀዱ ታዩዋት።

«እህ፣ የናንተስ?» መምህር ነጂብ ደረሱ።

ቤርሳቤ ብርጭቆውን ወደፊት ገፋ አደረገችው። አኬሎ ግን ጠርሙሷን አወጣች።

«ቲቸር፣ የእኛ ይሄ ነው።» ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገችው። «ሲያዩት ጠርቷል። ግን...» ነቀነቀችው።

ቤርሳቤ ለአፍታ ጓደኛዋን አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ ብርጭቆውን አነሳችና ማንጎው ሥር ደፋችው።

«አሸዋውን ከየት እንዳመጣነው ንገሪያቸው» አለች፣ ጠጋ ብላ።