ከዐሥር ስንት?

ሾፌሩ ከደረጃው ግርጌ አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። ሁለቱንም ጫማዎቹን እንደተጫማ ነበር።

መርማሪው ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ባልደረቦቹ «ጆሮው» ይሉታል። «ነፍስ ይማር» ብሎ ተንበረከከና ጫማዎቹን አተኩሮ ተመለከተ። የቀኙ ማሰሪያ ከቁርጭምጭሚቱ ጎን፣ በውጭ በኩል ተቋጥሯል። የግራው ግን መሐል ለመሐል ነው፤ የክሩም ጫፎች ወደ ውስጥ ተሸጉጠዋል።

«አንገቱ እንደተሰበረ ነው ያለቀው» አለ ሐኪሙ። «ለማቃሰት እንኳ ጊዜ አላገኘም።»

ቤቱ የወገብ ሕመምተኞች መታከሚያ ነው። ቴራፒስቱ ደረቱን ነፍቶ መጣ።

«እኔ ሕመም አልለካም» አለ። «ወገብ አይታይ፤ ምላስ እንደ ልቡ ያወራለታል። የምለካው ቁርጠኝነት ነው። ላይ፣ ከደረጃው አናት ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ጫማቸውን ራሳቸው ያስራሉ፤ ከዚያ ደረጃውን ወርደው ስፖርት ክፍል ድረስ ይመጡልኛል። ማገዝ ክልክል ነው።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ የመጨረሻው ልኬት ነበር። የቀረው የቀዶ ሕክምና አልጋ አንድ ነው፤ አስሮ ቀድሞ ለመጣ። ተፎካካሪዎቹ ሾፌሩና ልብስ ሰፊው ነበሩ።»

«ማን ይቀድማል ብለው ነበር?»

«ሾፌሩ ነዋ። ልብስ ሰፊው ሰነፍ ነው። ከዐሥር አራት ሰጥቼዋለሁ፤ እሱንም አዝኜለት።»

የሾፌሩ ሚስት መጠበቂያ ክፍል ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶባት ነበር የቆየችው።

«ድው ሲል ሰማሁ። ከዚያ አምስት ስድስቴ አባታችን ሆይ የሚያስደግም ያህል ቆይቶ፣ ማቃሰት።»

«ለምን አልወጡም፣ እኅቴ?»

ቴራፒስቱን በዓይኗ ጠቆመች። «‹ሲያቃስት ከሄድሽ ቁርጠኝነቱን የምትገድይው አንቺ ነሽ› ብሎኛል። ጉልበቴን ጨብጬ ተቀመጥኩ።»

«ጫማውን ቤት ማን ያስርለት ነበር?»

«ራሱ። ማጎንበስ አይችልም፤ እግሩን አጥፎ በጎን በኩል ነው የሚደርስበት። መሐሉን ነክቶት አያውቅም።»

ልብስ ሰፊው ከላይ አግዳሚው ላይ ነበር። ጫማው አልታሰረም።

«ከራሴ ጫማ ጋር ስታገል እሱ ተነስቶ ሄደ፤ ወደቀ» አለ። «ወርጄ እንዳላነሳው እጄ ከጉልበቴ አያልፍም። ይጠይቁት።»

«አያልፍም» አለ ቴራፒስቱ፣ እየሳቀ።

ልብስ ሰፊው ከእጅጌው ተርፎ የተንጠለጠለ ክር አገኘ። እያወራ ወደ ውስጥ ሸጎጠው።

መርማሪው ሁሉንም ከደረጃው ግርጌ ሰበሰባቸው።

«የግራውን ጫማ ያሰረው ሾፌሩ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «ሲገፋ ገና የቀኙን ብቻ አስሮ ነበር፤ የግራው ከእግሩ ወልቆ ቀረ። አንድ እግሩ ባዶ ሆኖ ቢገኝ፣ ተቀምጦ ሲያስር እንደተገፋ ይታወቃል። ሁለቱም ከታሰሩ ግን ‹ሲወርድ ወደቀ› ይባላል። ስለዚህ ገዳዩ የግራውን ጫማ ይዞ ወርዶ አጠለቀለት፤ አሰረለትም።»

«እኔን ነው?» አለ ቴራፒስቱ።

«እርስዎ ጤነኛ ነዎት። ጤነኛ ሰው ከወለል ሲነሳ አያቃስትም።»

ሚስትየው ቀና አለች።

«አዎ፣ እኅቴ። የሰሙት የባልዎን ድምፅ አይደለም። ሙት አያቃስትም። ያቃሰተው ወገቡን የታመመ፣ ተንበርክኮ መነሳት ያቃተው ሰው ነው። ደግሞም የተንጠለጠለ ክር አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው።»

ልብስ ሰፊው አልካደም።

«ጨርሶ ነበር» አለ። «አንድ ቋጠሮ ነው የቀረው። እኔ ሌሊቱን በሕመም ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው። ያ አልጋ ቢያልፈኝ ሌላ አልነበረኝም።» ሚስትየውን አላያትም፤ ወደ ቴራፒስቱ ዞረ። «ወርጃለሁ። ተንበርክኬ የሰው ጫማ አስሬአለሁ። ደረጃውን መልሼ ወጥቻለሁ። ማንም አላገዘኝም። አሁንስ ከዐሥር ስንት ትሰጠኛለህ?»

ቴራፒስቱ አሰበ። መርማሪውን ከሁሉ በላይ ያንገሸገሸው ይህ ማሰቡ ነው።

«ዐሥር» አለ።

ልብስ ሰፊው ፈገግ አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ውጭ የፖሊስ መኪና በሩን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር። ልብስ ሰፊው እጁ በካቴና እንደታሰረ ለመግባት ሞከረ፤ ጎንበስ ማለት አቃተው፣ አቃሰተ። አንድ ፖሊስ ሊደግፈው ክንዱን ዘረጋ።

«አታግዘው» አለች የሟች ሚስት ከበሩ ላይ ሆና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቁርጠኝነቱን ትገድልበታለህ።»