የካሱ ትከሻ

«ሐኪሙ የለም ያሉኝ እርስዎ አልነበሩም፣ ጋሽ ኦይታ?»

ወጣቱ ይህን የጠየቀው በጋሞኛ ነው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከጤና ጣቢያው የብረት በር ውጭ ቆሞ ቀኝ ትከሻውን በግራ እጁ ደግፎ ይዟል። ልክነሽ የአጎቷን የዘበኛውን የጋሽ ኦይታን ምሳ እንደያዘች በጥበቃ ቤቱ ጥላ ሥር ደርቃ ቀረች። ልጁን አውቃዋለች። ካሱ ይባላል፤ በደጋው ከኦቾሎ በላይ ካለች መንደር የመጣ ሸማኔ ነው።

«እኔ? ከአፌ እንዲህ ያለ ቃል አልወጣም» አሉ ጋሽ ኦይታ፤ ዓይናቸው ግን መሬቱን ያይ ነበር። «በል ሂድ ወንድሜ፣ በሩን አትዝጋብኝ።»

«ቅዳሜ ሽማግሎቹ ዱቡሻ ላይ ሊፈርዱብኝ ነው። የሚመሰክርልኝ ሰው ከሌለ…»

ነገሩን ሳይጨርሰው ተመልሶ ሄደ። ዱቡሻ ማለት በኦቾሎ የሽማግሎች ሸንጎ የሚቀመጥበት አደባባይ ነው።

በካሱ አገር ሕያው በሽተኛ የተሸከመ ቃሬዛ ሐኪም ሳያየው መሬት አይነካም። አስቀድሞ ያወረደው ሰው የበሽተኛውን ነፍስ ለሞት እንዳስረከበ ይቆጠራል። ‹ሐኪሙ የለም› በተባለበት በዚያ ቀን ካሱና ጎረቤቶቹ የታመመች እናቱን ይዘው ከደጋ ሲወርዱ ትከሻ እየተቀያየሩ ነበር እንጂ አንድም ጊዜ አላሳረፏትም። ጤና ጣቢያው በር ላይ ደርሰው በቆላው ፀሐይ እንደ ተሸከሙ ቆሙ። የከተማው ሰው እያየ ሳቀባቸው። «አውርዷት እንጂ፣ ምን ዓይነት ግትሮች ናችሁ!» ያለም ነበር።

ልክነሽ በዚያው ሰዓት ከጓደኛዋ ከቤቲ ጋር መጥታ ነበር። ቤቲ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ልጅ ናት፤ አንዳችም አላመማትም። ለሒሳብ ፈተና አላጠናችምና የሕመም ፈቃድ ፈለገች።

«ልኬ፣ ፋራ አትሁኚ። አጎትሽ በጓሮ ያስገቡናል፤ ራሴን አሞኛል እላለሁ፣ አለቀ!»

ጋሽ ኦይታም አስገቧቸው። በቃሬዛው አጠገብ ሲያልፉ የሴትዮዋ እግር ከጋቢው ወጥቶ ይታይ ነበር። አውራ ጣቷ ይንቀሳቀሳል። ሐኪሙ ቤቲን ተረጋግቶ መረመራት፣ የአባቷንም ጤና ጠየቃት። ይህ ሁሉ ሲሆን ልክነሽ በክፍት መስኮቱ የአጎቷን ድምፅ ሰማች። «ሐኪሙ የለም። መቼ እንደሚመጣም አላውቅም» ይሉ ነበር። ጥቂት ቆይቶ እንጨት ከጠጠር ጋር ሲጋጭ ተሰማ። የካሱ ትከሻ ከድቶት ኖሯል። አንዱ ጫፍ ከወረደ ደግሞ ሌሎቹ ማውረዳቸው ግድ ነው።

ሲወጡ አውራ ጣቱ አይንቀሳቀስም ነበር።

«ምን እያሉ ነው የሚያለቅሱት?» ብላ ጠየቀች ቤቲ፣ የሕመም ፈቃዷን እያጣጠፈች።

ቋንቋውን ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ልክነሽ «እንጃ» ብላ መለሰች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያች እግር አልለየቻትም። ልክነሽ ማለዳ እግሯን ስትታጠብ የራሷን አውራ ጣት አይታ ትደነግጣለች፤ መንቀሳቀሱን ለማረጋገጥ ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች። በክፍል ውስጥ አግዳሚ ወንበር በተጎተተ ቁጥር ዘወር ብላ ወደ በሩ ታያለች። ጸሎት ላይ ዓይኗን መጨፈን ፈርታለች።

የኅብረተሰብ ትምህርት መምህሩ ዘካሪያስ በዚያው ሰሞን ስለ ጤና ሲያስተምሩ «የገጠሩ ሰው የሚሞተው ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው» አሉ። ተማሪው ሁሉ ጻፈ። ልክነሽ ብዕሯን አላነሣችም።

«ዘግይተው አልመጡም» አለች ለራሷ።

«ምን አልሽ?»

«ምንም፣ ቲቸር።»

በደጋ ደግሞ ነገሩ ጎሜ ነው ተባለ። ጎሜ ማለት የተከለከለውን የጣሰ ሰው በቤተሰቡ ላይ የሚያመጣው መቅሠፍት ነው። ካሱ «ሐኪሙ የለም ስለተባልኩ ተስፋ ቆረጥኩ» ቢልም፣ በዚያ ቀን ቁስሉን ሊያሳጥብ ገብቶ የነበረ የመንደሩ ሰው ሐኪሙን በዓይኑ አይቶታል። ስለዚህ ካሱ ደካማ ብቻ ሳይሆን ውሸታምም ሆነ። እሳት የሚያውሰው፣ ከእሱ ጋር ማዕድ የሚቀርብ ጠፋ። ቆላውም ደጋውም ጥፋቱን ፈልጎ ያገኘው እዚያው ከቃሬዛው ሥር ነበር። ስለ በሩ የጠየቀ ማንም አልነበረም።

ልክነሽ ይህንና ቅዳሜ ዱቡሻ ሄዳ ለመመስከር ማሰቧን ለቤቲ ነገረቻት።

«ልትመሰክሪ? አብደሻል እንዴ!» አለች ቤቲ። «አባዬ ቢሰማ ይገድለኛል። ደግሞስ እኔ ነኝ የገደልኳት? እኔ የፈለግኩት ወረቀት ነው!»

«ገደልሽ አላልኩም።»

«ታዲያ ምን እያልሽ ነው?»

«በሕይወት ነበረች፣ ቤቲ። ስንገባ በሕይወት ነበረች።»

ቤቲ ደብተሯን ሰብስባ ተነሣች።

ዓርብ ማታ ጋሽ ኦይታ እራት አልበላ አላቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ልክነሽን እናቷ ስትሞት ከደጋ ይዘው የወረዱት፣ አሳድገው ለሚኒስትሪ ፈተና ያደረሷት እሳቸው ናቸው።

«የምታስቢውን አውቃለሁ» አሏት። «የኃላፊውን ልጅ ብመልሳት በማግስቱ በዚያ በር ላይ ሌላ ሰው ይቆማል። ባለ ቃሬዛዎቹን ‹የለም› ያልኳቸው ደግሞ ሐኪሙ ውስጥ እንዳለ እያወቁ ሲጠብቁ እንዳይቃጠሉ ብዬ ነው። አዝኜላቸው ነው!»

«አምናለሁ፣ ጋሼ።»

«የምትማሪው እኮ በዚያ በር እንጀራ ነው። ከሥራ ብባረር የት ትገቢያለሽ?»

የት እንደምትገባ ልክነሽ በእርግጥ አታውቅም ነበር።

«ካሱስ፣ ጋሼ?» አለች በመጨረሻ። «እሱ የት ይግባ?»

ጋሽ ኦይታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቅዳሜ ማለዳ ምሳቸውን ሠርታ ከደነች። ነጠላዋን ለበሰች። እሳቸው የካኪ ኮታቸውን እየቆለፉ ሲወጡ፣ ደጃፉ ላይ ጫማዋን ስታስር አገኟት። የመጨረሻዋን ቁልፍ ሳይቆልፉ ቆሙ።

«ኦቾሎ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ስሜን ትጠሪያለሽ?»

ልክነሽ ቀና ብላ አየቻቸው። 

«የራሴን አስቀድሜ» አለች።

ጋሽ ኦይታ ቁልፏን ቆለፉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አሁን ከሄድሽ ወደ ጫኖ የሚሄደው መኪና ላይ ትደርሻለሽ። ከጫኖ ወዲያ በእግርሽ ነው፤ ዳገቱ ሳይሞቅ ጀምሪው» አሏት።