ወደ ሰሜን ያልተመለሰው አንቴና

ጋሽ ሞገድ የተገደሉት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ግንባራቸው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል፤ የጆሮ ማዳመጫው አንገታቸው ላይ ወርዷል፤ ቀኝ እጃቸው ከጣሪያው በወረደው የብረት ቱቦ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ከወንበሩ ኋላ ደም የነካው ከባድ ትራንስፎርመር ወድቋል። ሰውዬው አርባ ዓመት ሙሉ ትራንስፎርመር ሲጠመጥሙ ኖረው በትራንስፎርመር ተመትተው ሞቱ፤ ምን ይባላል!

ሥራቸው ሬዲዮ ጥገና ነበር። ጡረታ ሲወጡ የሰውን ሬዲዮ ትተው የሰማዩን ያዙ። ከአናታችን በላይ ትንንሽ ሳተላይቶች ይዞራሉ፤ ፈቃድና ትዕግስት ያለው ሁሉ ሊነጋገርባቸው ይችላል። አንዷ ከአድማስ ብቅ ስትል አንቴናውን ወደ እሷ አዙሮ የሚያወራ ሰው ድምፁን ትቀበለውና መልሳ ወደ ምድር ትበትነዋለች፤ ከሥሯ መቀበያ የከፈተ ሁሉ ይሰማዋል። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይታ ትገባለች። ለዚህች አሥር ደቂቃ ነው ሰውዬው በሦስተኛ ፎቅ ጣሪያ ላይ የቆርቆሮ ክፍል ሠርተው እንደ ዳቦ ሲጋገሩ የኖሩት።

መርማሪዋ ደረጃውን እያቃሰተች ወጣች። መሥሪያ ቤት «እትዬ ለምን» ይሏታል። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ «ለምን?» ሳትል የምታልፈው ወሬ ስለሌለ አለቆቿን አንገሽግሻቸዋለች።

«ጉዳዩ አልቋል፣ እትዬ» አለ በሩ ላይ የጠበቃት ሳጅን። «ልጃቸው ነው።»

«አንተ ደግሞ፣ ሬሳው ሳይነሳ አለቀ ትላለህ! ለምን ልጃቸው?»

ሳጅኑ በጣቱ እየቆጠረ አስረዳ። የሟች ባለቤት ትናንት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ታማሚ እህታቸውን ሊያስታምሙ ሆስፒታል ሄደው እዚያው አደሩ፤ ዛሬ ጠዋት መጥተው በቁልፋቸው ከፍተው አገኟቸው። በሩ ሲዘጋ ራሱ ይቆለፋል። ልጁ የአውቶብስ ሾፌር ነው፤ ከአባቱ ጋር ሁለት ዓመት ተኳርፈዋል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ተኩል ላይ ወጥቶ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ዓይኑ ቀልቶ ሲወርድ የሕንፃው ጥበቃ አይቶታል።

«ጥበቃው ጠዋትስ ማንን አየ?»

«ጠዋት የለም፤ የሚገባው ስድስት ሰዓት ነው። ለነገሩ ጠዋቱ አያስፈልገንም። ሟች ዘጠኝ ከአርባ ላይ በሕይወት ነበሩ። የፊዚክስ መምህሩ ከትምህርት ቤት ሆኖ በሳተላይት አነጋግሯቸዋል፤ ሠላሳ ተማሪ ድምፃቸውን ሰምቷል።»

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

«‹ትናንት በቀን ነው፤ ከዚህ በላይ አልምልም› አለ። ይሄ ቆርቆሮ ምድጃ ነው፣ ሬሳ ሰዓት አያስቆጥርም። ይልቅ ይህን ይዩ።» ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳያት። ጋሽ ሞገድ የየቀኑን የሳተላይት ማለፊያ ሰዓት የሚጽፉበት ነው። የትናንቱ ሁለት መስመር ብቻ ነበረው፦ «ጠዋት 4፡12»፤ ከሥሩ «ከሰዓት 9፡38 — ከልጄ ጋር»።

«ቀጠሮ ነበራቸው ማለት ነው። አሥር ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ልጁን ወደ ዋናው ጣቢያ ይወስደዋል።»

ወደ ዋናው ጣቢያ ከሄደ ፋይሉ ከእጇ እንደሚወጣ እትዬ ለምን ታውቃለች። እዚያ ደግሞ «ለምን» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ክፍሉን ቀስ ብላ ዞረችው። ጥግ ላይ ክዳኑ ተነስቶ ሆድ ዕቃው የተዘረገፈ ሬዲዮ አለ፤ «የልብስ ሰፊዋ» የሚል ወረቀት ታስሮበታል። የመመዝገቢያ ደብተሩ መጨረሻ ገጽ ተቀዷል። ከዚያ ቱቦውን እያየች ቆመች። ቱቦው ጣሪያውን በስቶ ውጭ ያለውን አንቴና ይሸከማል፤ ከሥሩ አቅጣጫ የተጻፈበት የእንጨት ክብ አለ። ቀስቱ ምሥራቅን ያሳያል። በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ስታይ አንቴናው ወደ ምሥራቅ ሰማይ ሽቅብ አንጋጧል።

እናትየው ታች ወጥ ቤት ውስጥ፣ በካቴና የታሰረውን ልጃቸውን ክንዱን ጨብጠው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ክዳን የተደፋበት ሳህን አለ።

«ይሄ ምንድነው፣ እናቴ?»

«ምሳው ነው። ትናንት ሠርቼ ትቼለት ነበር የሄድኩት። አልነካውም። ስድስት ተኩል ካለ ሰማይ ቢደፋ ምሳውን የማይተው ሰው!»

እትዬ ለምን ሳህኑን አነሳችው። ከሥሩ እንደ ጠረጴዛ ልብስ የተነጠፈ ባለ መስመር ወረቀት አለ። በእርሳስ ሁለት መስመሮች ተስለውበታል፤ አንዱ ከላይ ተነስቶ እየተጎነበሰ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሌላው ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሏል። ከቀጥታው ሥር «አልወረደም። እሱ ራሱ እንዲናገር ነግሬዋለሁ» ይላል። አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«አንቴናውን ወደ ምሥራቅ ማዞር ይወዱ ነበር?»

«ኧረ! ሲጨርስ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን አስተኝቶት ነው የሚነሳው፤ ነፋስ እንዳይሰብርበት። ቤት ቢቃጠል እንኳ አንቴናውን ወደ ሰሜን ሳይመልስ አይወርድም፤ ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ።» ከዚያ ዓይናቸው ልጃቸው እጅ ላይ ያለው ብረት ላይ አረፈ። «እባክሽ ልጄ፣ አንዱን ሬሳ አድርገው አወጡብኝ፤ ይሄኛውን ለነገው ቀብር እንኳ ተዪልኝ።»

እትዬ ለምን ወደ ልጁ ዞረች። «ለምን ተኳረፋችሁ?»

«ሰው ፊት ‹አንተ ከሰማይ ጋር እንጂ ከልጅህ ጋር ማውራት አትችልም› አልኩት» አለ ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ። «ትናንት ይቅርታ ልጠይቅ መጣሁ፤ ለእማዬ ነግሬያት ነበር። አንኳኳሁ፣ አልከፈተም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ግማሽ ሰዓት ሙሉ በበሩ ለመንኩት። ‹አባዬ አጥፍቻለሁ› አልኩት። ትንፍሽ አላለም።»

«ከውስጥ ምንም አልሰማህም?»

«ምንም። ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ ብቻ።»

ሳጅኑ ሳቀ። «ሠላሳ ተማሪ ማዶ ሆኖ የሰማቸውን፣ አንተ በር ላይ ሆነህ አልሰማህም! አይ ጆሮ!»

«አልሰማሁም አልኩህ! ከፈለግክ ግደለኝ!»

የፊዚክስ መምህሩ ሳሎን ውስጥ ከለቀስተኞች ጋር ተቀምጧል። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጫማው ተወልውሏል። ዝናው ከፍ ያለ ነው፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ድምፅዋ የጠፋ ሳተላይት እንደገና ስትጮህ ሰምቼ ቀድቻለሁ ብሎ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይሸለማል።

«ከጋሽ ሞገድ ጋር ምን ተባባላችሁ?»

«ሰላምታ ብቻ። ደህና ነበሩ። ከተማሪዎቼ ጋር አወሩ... ምስኪን ጋሽ ሞገድ!»

«ጠዋትስ የት ነበሩ?»

«ቤቴ ፈተና ሳርም። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ነኝ። እዚህ ቤት ከመጣሁ ወር አልፎኛል።»

«ሌላ የሰማቸው ሰው ይኖር ይሆን?»

«በከተማው ይህን ነገር የምንከታተል ሦስት ብቻ ነን፤ እሳቸው፣ እኔና ልብስ ሰፊዋ። የእሷ ሬዲዮ ደግሞ ላይ ቤት ተፈታትቶ ተኝቷል።»

«አይ አለመታደል» አለች እትዬ ለምን፤ ጉልበቷን እያሻሸች ተነሳች።

ስምንት ሰዓት ላይ ልብስ ሰፊዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ እያለቀሰች መጣች። መርማሪዋ ለብቻዋ ይዛት ወጥ ቤት ገባች፤ በሩን ዘጋች። ሲወጡ የልብስ ሰፊዋ እንባ ደርቆ ነበር፤ ፊቷ ግን አመድ መስሏል።

«ሳጅን» አለች እትዬ ለምን፤ «ሳተላይቷ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አራት ላይ ታልፋለች። ከዚያ በፊት ሁሉንም ላይ ቤት ሰብስብልኝ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስድስት ሰው በዚያች ምድጃ ክፍል ውስጥ ተፋፍጎ ቆመ። እናትየው ባላቸው ወንበር ላይ መቀመጥ እንቢ ብለው ሳጥን ላይ ተቀመጡ።

«የተደበቀ ነገር አላመጣሁም» አለች እትዬ ለምን፤ «ሁላችሁም ያያችሁትን ነው። መጀመሪያ ምሳው። ስድስት ተኩል ላይ የሚበሉት ሰው ዘጠኝ ከአርባ ድረስ በሕይወት ከነበሩ ለምን አልበሉም?»

«ተናደው ይሆናላ» አለ ሳጅኑ።

«ይሁንልህ። አንቴናውስ? ትናንት ከሰዓት ሳተላይቷ ከደቡብ ተነስታ፣ በምዕራብ በኩል ዞራ፣ ሰሜን ነው የገባችው። ምሥራቅን አልረገጠችም። ምሥራቅ የነበረችው ጠዋት ነው፤ አራት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ላይ፣ ልክ ቀስቱ የቆመበት ቦታ። ጋሽ ሞገድ ሲጨርሱ ወደ ሰሜን ይመልሱ ነበር። አልመለሱም። ለምን? አልጨረሱማ! እጃቸው እጀታው ላይ እያለ ነው ከኋላ የተመቱት።»

ቆርቆሮው ተንጣጣ።

«ሠላሳ ተማሪ ሰምቷቸዋል እኮ» አለ መምህሩ።

«ድምፃቸውን ሰምቷል። እህቴ፣ አንቺ ትናንት ዘጠኝ ከአርባ ላይ ምን ሰማሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን ፈታች። ትንሽ መቀበያ ነበረች። «የኔን ከትናንት በስቲያ ማታ ለጥገና ሳመጣለት፣ ‹እስኪሠራ ባዶ ጆሮ እንዳትሆኚ› ብሎ የራሱን ይህቺን አዋሰኝ። ጠዋት ደንበኛ ይዞኝ አልከፈትኳትም። ከሰዓት ግን...» ወደ መምህሩ ሳታይ ቀጠለች። «መምህሩ ‹ጋሽ ሞገድ እንደምን ዋሉ› አለ። ዝም። ‹እኛም ደህና ነን› አለ። ዝም። ‹ተማሪዎቼ ሰላም ይሉዎታል› አለ። ዝም። ብቻውን ነበር የሚያወራው። ጋሽ ሞገድ ቢናገር ኖሮ ከሳተላይቷ ወርዶ እኔም ጋ ይደርስ ነበር። መቀበያዬ የተበላሸች መስሎኝ በጥፊ መታኋት።»

እናትየው «ወይኔ!» አሉ።

«ተማሪዎቹ የሰሙት የድሮ ቅጂ ነው» አለች እትዬ ለምን። «ከተማሪዎቹ ወንበር ኋላ ተከፍቶ ከድምፅ ማጉያው የወጣ። መምህር፣ ልብስ ሰፊዋ እንደማትሰማ እርግጠኛ ነበሩ፤ ሬዲዮዋ ተፈታትቶ አይተዋላ። እዚህ ቤት ከመጡ ወር ካለፈዎ ከትናንት በስቲያ የመጣን ሬዲዮ መቼ አዩት? የጠዋቱን ማለፊያ የመዘገበውን ገጽ ቀድደው ወሰዱ፤ የግድግዳውን ዝርዝር ግን ተዉት። ለምን? ‹ከልጄ ጋር› ይላላ! በዘጠኝ ከአርባ በሩ ላይ ማን እንደሚገኝ አንብበው ነው ያቺን ሰዓት የመረጡት። የረሱት አንድ ነገር ነው። የትምህርት ቤቱ አንቴና በሞተር ዞሮ ራሱ ቦታው ይመለሳል፤ በእጅ መመለስ የሚባል ነገር ትዝ አላለዎትም።»

«እንደ አባቴ ነበሩ! ለምን እገድላቸዋለሁ?»

«ይህቺን ‹ለምን› ሳተላይቷ ትመልሳት። ሳጅን፣ የልጁን እጅ ፍታ። አንቴናውን ማዞር ታውቃለህ አይደል?»

«ልጅ ሆኜ አስተምሮኛል» አለ ሾፌሩ። እጀታውን ይዞ ወደ ደቡብ አዞረው። ልብስ ሰፊዋ መቀበያዋን ከአንቴናው ሽቦ ጋር አገናኘች። ዘጠኝ ከሃያ አራት ሲሆን ከመቀበያዋ ጩኸት ውስጥ የሳተላይቷ ቀጭን ፉጨት ብቅ አለ። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ተከተለው። ደቡብ፣ ምዕራብ። ፉጨቱ ቀስ በቀስ እየወፈረ ወረደ፤ ጥሩምባ እየነፋ ባጠገብህ የሚያልፍ መኪና ድምፅ እንደሚወርደው።

«የምትመጣ ሳተላይት ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ስታልፍ ይወርዳል» አለች እትዬ ለምን፤ ወረቀቱን ከኪሷ አወጣች። «ሁሉም ይወርዳል፤ ልብስ ሰፊዋ ናት ያስረዳችኝ። መምህር ቀዳሁት ያሉት የጋዜጣው ሳተላይት ድምፅ ግን ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተሠራ ድምፅ ወዴት ይወርዳል? ጋሽ ሞገድ ሁለቱንም ስለው ነበር። ‹እሱ ራሱ እንዲናገር ነግሬዋለሁ› ይላል። ሊያዋርዱዎት አልፈለጉም፤ ዕድል ሰጡዎት።»

መምህሩ የተወለወለ ጫማውን አየ። «ጀርባውን ሰጠኝ» አለ በሹክሹክታ። «ለመንኩት። ‹ቆይ፣ እሷ ትለፍ፣ እናወራለን› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።»

ሳጅኑ ካቴናውን አጠለቀለት። አሁን አልሳቀም።

ታች መኪናው ጥሩምባ ነፋ። ልጁ እጀታውን አልለቀቀም፤ ፉጨቱ እየራቀ ነው።

«እትዬ» አለ ፊቱን ሳያዞር፤ «እንደዚያ ስለምነው... አልሰማኝም ማለት ነው?»

«አልሰሙህም፣ ልጄ» አለች። መዋሸት አማራት፤ አልዋሸችም። «አንተ ስትመጣ ከሞቱ አምስት ሰዓት አልፏቸዋል። ግን ተቀይመው አይደለም ዝም ያሉህ። እሱን ወረቀት አንብበው።»

ልጁ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሲያነብ ጊዜ ወሰደበት፤ ለእሱ የተጻፈችው ግን አንድ መስመር ናት።

«እንደምትመጣ የነገርኩት ዕለት ነው የጻፈው» አሉ እናትየው። «ሁለተኛ ወንበር ሲፈልግ ዋለ። ‹ይሄ ልጅ እጀታውን ረስቶት ይሆን?› ሲለኝ ነበር።»

ፉጨቱ ሰሜን ላይ ጠፋ። ልጁ አላለቀሰም። አንቴናውን ዝቅ አድርጎ አስተኛው፤ ቀስቱ ሰሜን ላይ መሆኑን ሁለቴ አየ፤ ከዚያ እናቱን ደግፎ ወረደ።