ሁለት ጊዜ የተጠራሁበት ቀትር

እኔ እንዲህ ባለ ወሬ ከሚስቁት እንጂ ከሚፈሩት ወገን አልነበርኩም፣ ነርስ ነኝ፣ ኮኪት የሚባል ቆላ የተመደብኩ ሰሞን የሰሊጥ ሠራተኞቹ «በቀትር በስምሽ የጠራሽ ካለ ሦስተኛውን ሳትሰሚ አቤት እንዳትዪ፣ ጋኔን ከሁለት በላይ አይጠራም» ሲሉኝ ከት ብዬ ነው የሳቅሁት።

ሙሉቀን ግን አቤት አለ። ከጎጃም ለአጨዳ የመጣ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ እርሻው መሃል «አቤት» ብሎ ወደቀ አሉኝ፣ ከዚያ ሦስት ቀን የሠራተኞቹ ዳስ ውስጥ ተኝቶ አልበላም፣ አልተናገረም፣ ወባም ብመረምር የለበትም፣ ወደ ጎንደር የሚወስደው መኪና ሳይመጣ ትንፋሹ ሳሳ፣ ሊሞትብኝ ነው ብዬ አለቀስኩ።

ጓደኞቹ መሪጌታ ወርቁንና ሼህ ኢድሪስን ይዘው መጡ። እነዚህ ሽማግሌዎች ለወትሮው አንድ ጥላ ሥር አይቀመጡም፣ ሼሁ መሪጌታን «ቅጠል በጣሽ» ይሏቸዋል፣ መሪጌታ ደግሞ ሼሁ እንጨት ሰሌዳ ላይ የጻፉትን ቁርኣን አጥበው ለበሽተኛ ስለሚያጠጡ «እንጨት አጣቢ» ይሏቸዋል። የዚያን ቀን ግን በሽተኛውን አይተው ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«እርስዎ ይቅደሙ» አሉ መሪጌታ።

«ወላሂ፣ እርስዎ!» አሉ ሼሁ።

እመኑኝ፣ የፈራሁት ያኔ ነው።

«ልጄ፣ የሚያዝንለት ሰው ይጥራው» አሉኝ ሼሁ፣ «አቤት ካለበት ቦታ ቆመሽ፣ ሦስት ጊዜ። አንቺን የጠራሽ ካለ ግን ዝም በይ።»

በቀትር ሄድን፣ አንዱ በቀኜ አንዱ በግራዬ፣ የየራሳቸውን ጸሎት እየደገሙ። «ሙሉቀን!» አልኩ፣ ሲንኮሻኮሽ የነበረው ደረቅ ሰሊጥ ጸጥ አለ። «ሙሉቀን!» ስል ከነዶው ጀርባ የጎረነነ ድምፅ «የሺ!» አለኝ። እኔ እዚያ አገር ሲስተር ትዕግሥት ነኝ፣ የሺ የምትለኝ እናቴ ብቻ ናት። «የሺ!» አለ ደግሞ፣ እየለመነ። አፌን ልከፍት ስል ሽማግሌዎቹ እጆቼን ጨበጡኝ። ሦስተኛውን ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ባለ በሌለ ኃይሌ «ሙሉቀን!» ብዬ ጮህኩ።

ስንመለስ ተነስቶ ውኃ እየጠጣ ነበር፣ በደስታ አለቀስኩ፣ ሽማግሌዎቹም የማን ድግምት እንደሠራ መጨቃጨቅ ጀመሩ።

አገሩ ሊገባ ሲሳፈር ሸኘሁት። «ያወጣኝ ሦስተኛው ጥሪሽ ነው፣ እግዜር ይስጥሽ» አለኝ፣ ቀጥሎም ፈራ ተባ እያለ፣ «ግን እታለም፣ እኔም እኮ ከነዶው ጀርባ ሆኜ የሺ፣ የሺ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠርቼሽ ነበር፣ ምነው ዝም አልሽኝ?»

ዛሬ ልጆቹ ጋ ነው፣ ይደውልልኛል፣ ተመስገን። እኔ ግን በቀትር ስሜ በተጠራ ቁጥር ዝም ልበል ወይስ አቤት ልበል፣ እስካሁን አላውቅም።