የአይሆንም ተራ

«አባትሽ ፈቅዷል! ዛሬ ውኃው ለእኛ ይሁን ብሏል!»

የአክስቷ ልጅ እያለከለከች መጥታ ቦዩ ዳር ቆመች። ሹሟ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ነበረች፤ ደለሉን በአካፋ እየዛቀች ወደ ዳር ትወረውራለች። ቀና ልትል ስትሞክር ወገቧ እምቢ አላት።

«ማን አለሽ?»

«እናቴ። ጠዋት እናንተ ቤት ሄዳ ጠይቃዋለች። ሽንኩርታችን እኮ ተቃጥሎ አለቀ!»

«ዛሬ የአይሆንም ተራ ነው።»

«እሱ እንደሆነ ገበያ ወርዷል። ደግሞ ያ ሰውዬ ለአባትሽ ምን አድርጎለት ያውቃል?»

ሹሟ አካፋዋን ጭቃው ውስጥ ተከለች። አባቷ የሰፈሩ የውኃ አባት ነው፤ ከወንዙ የተጠለፈውን ውኃ አንዱን ማሳ ዘግቶ ሌላውን እየከፈተ ለሁሉም በተራ የሚያዳርስ ሰው። ደመወዝ የለውም፣ ትርፉ ስድብ ነው። እግሩ ተሰብሮ አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ ደግሞ አካፋውም ስድቡም ወደ ልጁ ተላልፈዋል። ከተሳዳቢዎቹ ሁሉ የባሰው ማሳው ቦዩ ጭራ ላይ ያለው ሰውዬ ነው። በየስብሰባው ንግግሩን «አይሆንም!» ብሎ ስለሚጀምር ስሙም ይኸው ሆኖ ቀረ። ባለፈው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ «ውኃው እኔ ዘንድ ሲደርስ ምራቅ ያክላል! የውኃ አባቱ ለዘመዶቹ ያደላል፣ ይውረድ!» ብሎ ነበር። አባቷ ያን ቀን እራት ሳይበላ ነው ያደረው።

እና አባቷ ከፈቀደ ፈቀደ ነው። የአይሆንምን መውረጃ ዘጋች። ወደ አክስቷ ወደ እቴቴ ማሳ የሚወስደውን መውረጃ የደፈነውን አፈር በአካፋ ስትገፋው ውኃው እየተንፏቀቀ በሽንኩርቱ መካከል ገባ። የአክስቷ ልጅ አቅፋ ሳመቻትና ወደ ቤቷ ሮጠች። ሹሟ ዛፍ ሥር ተቀመጠች፤ ትንሽ ልረፍ ብላ ዓይኗን ከደነች።

ሹሟ መጠሪያ ስሟ አይደለም። ገና ሕፃን ሳለች ዶሮዎቹን «ተሰለፉ!» እያለች ታዝ ስለነበር ጎረቤት ያወጣላት ነው። ቀልድነቱ የቀረው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እውነትም አገር የምትመራ ሴት ስትሆን ነው። ያን ጊዜ ግን አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ የምትፈልገው ሥልጣንም እንቅልፍ ብቻ ነበር።

ስትነቃ ፀሐይዋ አናቷ ላይ ደርሳለች። ትምህርቷ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ልብስ ልትቀይር ወደ ቤት ገሰገሰች።

አባቷ ትራሱን ተደግፎ ጠበቃት። «የአይሆንም ማሳ ጠጣ?»

«ለእቴቴ ከፈትኩት እንጂ።»

«ለምን?»

«አንተ አይደለህ እንዴ የፈቀድክላት?»

አባቷ ከትራሱ ቀና አለ። የተሰበረውን እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ ገፋ አደረገው። «አክስትሽ ዛሬ ይህን ደጅ አልረገጠችም» አላት።

ሹሟ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ፀጉሯን ያበጠረችላት፣ ስትታመም አብራት ያደረችው እቴቴ ነበረች። ሌላ ሰው ቢዋሻት እንዲህ አይከፋትም ነበር።

«አባዬ፣ ዝም ብንልስ?» አለች። «አሁን ሄጄ ወደ እሱ ልመልሰው። ውኃው አነሰ ቢል፣ መቼም ሁልጊዜ አነሰ ነው የሚለው።»

አባቷ ሊስቅ ሞክሮ አመመው። «እሱስ እውነትሽን ነው፤ ሁልጊዜ አነሰ ይላል። እስከ ዛሬ ግን ውሸቱን ነበር።»

«ብነግረው እኮ እሁድ በስብሰባው ያስወርድሃል!»

«ያስወርደኛል።» ዓይኑን ወደ ጣሪያው ቆርቆሮ መለሰ። «እኔም ደክሞኛል፣ ልጄ። አንቺም ደክሞሻል። የመሰለሽን አድርጊ።»

እንዲህ አድርጊ ብሎ ቢያዛት ይቀላት ነበር። አኩርፋ ወጣች። ተመልሳ የአክስቷን ማሳ ዘጋች፣ ውኃውን ወደ አይሆንም ለቀቀች። በዚያ ሰዓት የተለቀቀ ውኃ ግን፣ ደረቁ ቦይ ራሱ እየጠጣው፣ ጭራው ድረስ መቼ እንደሚደርስ ታውቀዋለች።

ትምህርት ቤት የደረሰችው ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲጀመር ነው። የአክስቷ ልጅ ዴስኩ ላይ ቦታ ይዛላታለች። የሹሟን ፊት ስታይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ዋሸሽኝ» አለች ሹሟ በሹክሹክታ።

«እናቴ ናት በያት ያለችኝ።»

«አፉ ግን ያንቺ ነው።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ሽንኩርቱ ከሞተ ለከርሞ ትምህርት የለም ብላኛለች። የምቀረው እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽ!» ድምፅዋ ተሰበረ። «በናትሽ እንዳታሳብቂ። አትካበጂ፣ የግማሽ ቀን ውኃ እኮ ነው።»

መምህሩ ዞር ሲሉ ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። ሹሟ ደብተሯን ገልጣ አንድም ቃል አልጻፈችም። የግማሽ ቀን ውኃ። እውነት ነው፣ ብዙ አይደለም። ደግሞ ለማን? አባቷን በሰው ፊት ላዋረደ ሰው። ግንባሯን ክንዷ ላይ አስደገፈች፤ እንቅልፍ ግን አልመጣም።

ባደገች ጊዜ፣ በምክር ቤት ተቃዋሚዎቿ ሲናገሩ የገዛ ወገኖቿ ካጉረመረሙ እጇን አንሥታ ዝም ታሰኛቸው ነበር። «ተራው የእሱ ነው፣ ይጨርስ» ትላለች። ደጋፊዎቿ በዚህ ብዙ ጊዜ ይናደዱባት ነበር፤ ከየት እንዳመጣችውም አያውቁም። ያን ዕለት ከሰዓት፣ የመውጫው ደወል ሲደወል፣ እሷ ራሷም አታውቅም ነበር። ያወቀችው እግሯ ወደ ቤት እንዳልዞረ ብቻ ነው።

አይሆንም ከገበያ ተመልሶ ማሳው ዳር ቁጢጥ ብሏል። የጎመን ችግኞቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ቦዩ ውስጥ አንዲት ቀጭን እርጥበት እየተሳበች ትመጣለች።

«እይው!» አለ ገና ከሩቅ ሲያያት። «ይኼ ውኃ ነው? ምራቅ አላልኩም?»

«ጋሼ፣ ጠዋት ተራዎን ለሌላ ማሳ ከፍቼዋለሁ።»

ሰውየው ቀስ ብሎ ተነሣ። «ለማን?»

«የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«ለማን ነው ያልኩሽ?»

«እኔ ነኝ የከፈትኩት፣ ጋሼ» አለች ደግማ። «ነገ የእኛ ድንች ተራ ነው። ውኃው ወደ እርስዎ ይመጣል፤ እኛ ቀጣዩን እንጠብቃለን።»

አይሆንም ወጥመድ እንደሚፈልግ ሰው ከላይ እስከ ታች አያት። «አባትሽ ነው የላከሽ?»

«አልላከኝም።»

«የነገውን ውኃ እወስዳለሁ፣ መብቴ ነው። ግን ዝም እላለሁ ብለሽ እንዳታስቢ። እሁድ በስብሰባው አነሣዋለሁ።»

«ያንሡት። እኔም እመጣለሁ።»

«አንቺ?» ከት ብሎ ሊስቅ ጀመረና ተወው። ጎንበስ ብሎ የአንዱን ችግኝ ሥር አፈር በጣቶቹ መነካካት ያዘ።

ስትመለስ እግሯን እየጎተተች ነው። መንገዱ በአክስቷ ቤት ደጃፍ ያልፋል። በሌላ ቀን ቢሆን እቴቴ ከርቀት አይታ «ነይ ቅመሺ!» ብላ ትጠራት ነበር። አሁን ግን በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የሳሕን ድምፅ ይሰማል፣ ማንም አይጠራትም።

ቤቷ ቅርብ ነው፤ አልጋዋም። ጥቂት እርምጃ ሄዳ ቆመች። እሁድ አይሆንም «ለማን?» ብሎ በሰው ፊት ይጠይቃታል፤ ያን ጊዜ እቴቴ እዚያው ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ትሆናለች። ስሟን እዚያ በሰው ፊት ስጠራው ከምትሰማ አሁን ለብቻዋ ከእኔ ብትሰማው ይሻላል፣ ብላ አሰበች።

ተመለሰች። ጭቃ የያዘውን ጫማዋን ደጃፉ ላይ አወለቀች።

«እቴቴ» አለች፣ በሩን በቀስታ እየገፋች። «እኔ ነኝ። ልገባ ነው።»