አመድ ላይ የቀረ ጨው

አቶ ገብረየስ ሱሉልታ ባለው አሮጌ ቤታቸው፣ ከብረት ምድጃቸው አጠገብ ባለ አልጋ ላይ፣ እስከ አገጫቸው እንደተሸፈኑ ሞተው ተገኙ። ፊታቸው ቀላ ብሎ ነበር። ሐኪሙ ቅላቱን አይቶ፣ የገደላቸው መውጫ ያጣ የእሳት ጋዝ እንደሆነ ተናገረ። ጭሱን ወደ ጣሪያ የሚያወጣው ቱቦ መዝጊያው ተዘግቷል። ምድጃው ውስጥ የከሰል አመድ፣ አመዱ ላይ ደግሞ ጨው ተገኘ።

ከሰል ላይ ጨው የምትነሰንሰው የቤት ሠራተኛዋ ትንሳኤ ናት። የከሰልን መርዝ ያበርዳል ብላ ታምናለች፤ ሰፈሩም ልማዷን ያውቃል። ስለዚህ ትንሳኤ ታሰረች።

ኢንስፔክተር ፈቲያ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ቤቱ ስትመለስ አለቃዋ ኮማንደር ኡዘይር ደወለላት።

«ልጅቷ ናት፣ ፈቲያ። አስባ ባይሆንም በቸልተኝነት ገድላለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ምን ቀረሽ?»

«ቤቱ አልገባኝም።»

«ቤት ምኑ ነው የማይገባው?»

ፈቲያ ዙሪያዋን አየች። አሥራ አንድ ክፍል፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ከክፈፋቸው የማይገጥሙ መስኮቶች፣ አንድ ምድጃ። የሐምሌ ብርድ ከወለሉ ስር ይወጣል። ሁለት ቀን ሙሉ ካፖርቷን ሳታወልቅ ጠይቃለች፤ ሁለት ቀን ሙሉ ያንኑ መልስ ሰምታለች።

እንጨት አቅራቢው ኦቦ ነገሳ ግቢው ውስጥ ቆመው ነበር።

«ነጋ ቡልታኒ፣ ኦቦ ነገሳ?» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለቻቸው።

«ነጋ፣ ልጄ። ደግሞ መጣሽ?»

«ደግሞ መጣሁ። የዚያን ቀን ስንት ፍልጥ አመጡ?»

«አሥራ ሁለት። ይኸው ስትጠይቂኝ አራተኛሽ ነው፤ ፍልጡ ግን አልጨመረም።»

«ጠዋት ስንት ይተርፍ ነበር?»

«ከዚህ ቤት ምን ይተርፋል? ደን እኮ ነው የሚበላው። አንድ ቀን ‹ጋሼ፣ ያንን በር ይዝጉት፣ ሙቀቱ ይባክናል› ብላቸው ሦስት ቀን አኮረፉኝ።»

ፈቲያ ቀና አለች። «የቱን በር?»

«ከምድጃው ክፍል ወደ ባለቤታቸው ወደ እትዬ ወርቅውሃ ክፍል የሚያስገባውን። ከሞቱ ዘጠኝ ዓመታቸው፤ በሩ ግን ተዘግቶ አያውቅም። እትዬ ብርድ አይወዱም ነበር።»

ፈቲያ ጻፈችው።

እዚያው ቤት የሚኖረው የሟቹ የወንድም ልጅ ሽመክት ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። መዳፉ በመጥረቢያ እጀታ ሻክሯል።

«ኢንስፔክተር፣ እስከ መቼ ነው? አመዱን አላዩም? ጨው አለበት።»

«አይቻለሁ። እርስዎስ መቼ አዩት?»

«ሞተው ሳገኛቸው ነዋ። ትንሳኤን ‹ኦቦ ነገሳን ጥሪ› ብዬ ላክኋት፤ እኔ እሳቱ መጥፋቱን ለማየት ምድጃውን ከፈትኩ።»

«ጠፍቶ ነበር?»

«አመዱ በረዶ ነበር።»

«የእትዬ ወርቅውሃ ክፍል በርስ?»

«ዝግ ነበር። ባዶ ክፍል ማሞቅስ ምን ይባላል?»

ከዚያ ወደ ጣቢያው ሄደች። ትንሳኤ ነጠላዋን እየጠቀለለች ትፈታለች።

«ከሰል አስገብተሻል?»

«አላስገባሁም፣ እትዬ። ማታ ሦስት ፍልጥ ከትቼ፣ ጋሼ ሌላውን በየሰዓቱ ይጨምራሉ ብዬ ወጣሁ። ምን ብዬ ልንገራችሁ?»

«ጨው መቼ ነው የምትነሰንሺው?»

«ፍም ሲሆን ነዋ። ካልተንጣጣ ምን ይሠራል?»

ፈቲያ ከወንበሯ ተነሣች።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ምድጃው ክፍል ተሰበሰቡ፤ ኮማንደሩ ሰዓቱን እያየ፣ ትንሳኤ በሁለት ፖሊሶች መካከል። መሀል ላይ የከሰል ማንደጃ ፍም ሞልቶ ተቀምጧል።

«ለሙቀት ነው?» አለ ኮማንደሩ።

«ለእሱም ይሆናል» አለች ፈቲያ። «ከእንጨቱ ልጀምር። እዚህ የእንጨቱ ቅርጫት ውስጥ ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኝ ፍልጥ አለ። የነደደው ትንሳኤ የከተተችው ሦስቱ ብቻ ነው። አቶ ገብረየስን አንድም ሳይጨምሩ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ያኔ ሌላ ሰው ከሰል አስገብቶ ቱቦውን ዘጋ። ለምን ከሰል? ቱቦ የተዘጋበት እንጨት ያጨሳል፤ የተኛን ሰው በሳል ያስነሣል። ከሰል ግን ዝም ነው።»

«ልጅቷ ጭስ እንዳያስላቸው ብላ ይሆናላ» አለ ኮማንደሩ።

«ይሆን ነበር፣ የእትዬ ወርቅውሃ ክፍል በር ባይዘጋ። ሟቹ አይዘጉትም። ትንሳኤም ዘጠኝ ዓመት ያልተዘጋ በር አትዘጋም። የዘጋው ጋዙ ወደዚያ እንዳያመልጥ የፈለገ ሰው ነው።»

«ጨውስ?» አለ ሽመክት። «ጨውን ማን ይነሰንሳል?»

«ትንሳኤ፣ እንደ ልማድሽ አድርጊ።»

ትንሳኤ እፍኝ ጨው ፍሙ ላይ በተነች። ጨው እንደ ገብስ ቆሎ ተንጣጣ፤ ፈንጠር ፈንጠር አለ፤ የቀረውም ጠቆረ። ፈቲያ ከኪሷ ትንሽ ፌስታል አወጣች። ከምድጃው አመድ የተለቀመው ጨው ሙሉ ፍሬ ነበር፤ ነጭ፣ ስንጥቅ የሌለበት።

«ይህ ጨው እሳት አላየም። የተጣለው በቀዘቀዘ አመድ ላይ፣ ጠዋት ነው። ኦቦ ነገሳ፣ ትንሳኤ ከማን ጋር ገባች?»

«ከእኔ ጋር። ደግፌ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ፤ ወደ ምድጃው አልቀረበችም።»

«አመዱ በረዶ እንደነበር የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፣ አቶ ሽመክት። ከአመዱ ጋር ብቻዎን የቆዩትም እርስዎ።»

ሽመክት ዓይኑን ከማንደጃው ላይ ሳያነሣ ተናገረ።

«ስድስት ክረምት» አለ። «የቡራዩ ሥራዬን ትቼ ስድስት ክረምት ከኦቦ ነገሳ ጋር እንጨት ፈለጥኩ። እኔ በካልሲና በጃኬት ነው የምተኛው፤ የሞተች ሴት ክፍል ግን ይሞቃል። ሌላ ምድጃ እንትከል ብል፣ አይሆንም። ወደ ትንሽ ቤት እንዛወር ብል፣ አይሆንም። በሩን ብቻ ቢዘጉልኝ...»

«ለልጅቷስ አላዘንክም?» አሉ ኦቦ ነገሳ።

ፖሊሶቹ የትንሳኤን ጎን ትተው ወደ ሽመክት ዞሩ። ኮማንደሩ ለትንሳኤ «ሂጂ፣ ልጄ» አላት፤ እሷ ግን ማንደጃውን ይዛ ወደ ጓዳ ሄደች፣ እሳት ሰው በሌለበት አይተውም ብላ።

ፈቲያ ቤቱን ለማሸግ ከክፍል ክፍል ዞረች። አሥራ አንድ ክፍል ነው። አሥር በር ዘጋች።