ፎቁ ላይ ያንጎራጎረው

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ቢቸና ቄስ ቤት ተወልጄ ባድግም ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ «ሂድና እንቅልፍህን ጨርስ» ነበር መልሴ፣ እናንተም እንደዚያ ብትሉኝ አልቀየምም፣ ብቻ ጨርሳችሁ ስሙኝ።

ሞጣ ዳር ካለ ዱቄት ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ የጆንያ አፍ እሰፋለሁ። ሰፈሩንም ፋብሪካው ነው የፈጠረው ማለት ይቻላል፣ ከየጁቤ፣ ከደብረ ኤልያስ፣ ከየት ከየቱ እንጀራ ፍለጋ የመጣ ሰው በቆርቆሮ ቤት ተደርድሮ ይኖርበታል፣ እኔም ከየጁቤዋ ከስመኝ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተናል። ስመኝ አበጀ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበራት፣ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ መተማ እንደወረደ ድምፁ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። እናቷ ጠብቀው ጠብቀው በመጨረሻ ደወሉና «ልጄ፣ ነፍሱን አናንከራትት፣ ተዝካሩን እናውጣለት» አሏት። እሺ አለች። እሺ ስትል ፊቷን ባላይ ይሻለኝ ነበር።

ለተዝካሩ አገሯ ልትሄድ ዋዜማው ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ መብራት ጠፋና ወፍጮው ቆመ። ሠራተኛው ፀሐይ ሊሞቅ ግቢ ሲወጣ እኔና እሷ ዱቄት እንደለበስን ልንጠርግ ውስጥ ቀረን። ያ ሁሉ ጩኸት ድንገት ሲቆም ጆሮ ለብቻው ይጮኻል፣ የሰማሁትንም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የቆጠርኩት፣ ግን አይደለም፣ እመኑኝ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፎቅ ላይ አንድ ወንድ በቀስታ ያንጎራጉራል፣ ከዚያ ድምፁን ጎተት አድርጎ «ናልኝ ዳልቻ፣ ና የኔ ጌታ» ይላል።

መጥረጊያው ከስመኝ እጅ ወደቀ።

«ዳልቻ በሬያችን ነበር» አለች፣ «እንዲህ የሚጠራው አበጀ ነው።»

«ከጫኞቹ አንዱ ይሆናል» አልኳት፣ ግን ጫኞቹ በመስኮት ይታዩኛል፣ ሁሉም ውጭ ናቸው።

እሷ ደረጃውን ወጣች፣ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኩ። «አበጀ!» ብላ ተጣራች። እንጉርጉሮው ቆመ። ስንደርስ ፎቁ ላይ ሰው የለም፣ ሌላ መውጫም የለውም፣ ወለሉ ላይ የረጋው ዱቄት አንድ ዱካ እንኳ አላረፈበትም። ብቻ ክፍሉ ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል፣ እኛ ደግሞ ከስንዴ ሌላ ፈጭተን አናውቅም።

ስመኝ ስትንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎኝ ላቅፋት ስል ለካ እየሳቀች ነው። እዚያው ቆማ ደወለች።

«እማዬ፣ ጠላውን እንዳትጠምቂ፣ አበጀ አልሞተም።»

«አበድሽ ልጄ?»

«አብዳለች በይኝ፣ ብቻ አትጥመቂ!»

አልጠመቁም። እኔ በልቤ ይቺ ልጅ እናቷን ዳግመኛ ልታስለቅስ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ግን ክረምቱ ሳይወጣ አበጀ መጣ። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ባዶ እጄን ቤቴ አልገባም ብሎ በረሃ ለበረሃ ሲንከራተት የኖረ ሰው፣ በሕይወት መጣ። ያኔ ነው ጠላው የተጠመቀው፣ ለምስጋና። ዛሬ ከእኛው ጋር ፋብሪካ ውስጥ ይጭናል፣ እናቱም በየሳምንቱ እየደወሉ ድምፁን ካልሰሙ አይተኙም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ።

አንድ ቀን ምሳ እየበላን ሳለ ስመኝ ውኃ ልትቀዳ ስትነሣ አበጀ ጠጋ አለኝ። «ወባ ጥሎኝ፣ አለቀልኝ ባልኩበት ቀን» አለ፣ «ሴቶች ደረጃ ሲወጡ አየሁ፣ እስከ ቅንድባቸው ነጭ ናቸው። ፊት ያለችው በስሜ ጠራችኝ፣ ወዲያው ላብ አጠመቀኝና ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ስመኝ ናት፣ ድምፅዋን አልስተውም። ቀሚሷን የያዝሽው ደግሞ አንቺ ነሽ፣ እዚህ ስመጣ ገና ሳይሽ አወቅሁሽ።»

ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

«ግን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከኋላሽ ትከሻሽን ይዛ ትወጣ የነበረችው ማን ናት? ከመጣሁ ጀምሮ በዓይኔ ብፈልጋት አጣኋት፣ ደግ ፊት ነበራት።»

በዚያ ደረጃ የወጣነው እኔና ስመኝ ብቻ ነበርን። እሱን ግን አልነገርኩትም። አሁንም ደረጃውን እወጣለሁ፣ ሥራ ነው፣ ብቻ ዞር ብዬ አላይም።